ሥራው ሞልቶ ሠልጣኝ የጠፋበት ሙያ

አሜሪካ ውስጥ የሕፃናት ሕክምና ሬዚደንቶች የፈረንጆቹ ዓመት ሊያልቅ ሲል አንድ ውጤት ይጠብቃሉ። ለፌሎውሺፕ፣ ማለትም ከስፔሻሊቲ በላይ ላለው ሥልጠና፣ የሚፈልጉትን ሆስፒታል በቅደም ተከተል ጽፈው ያስገባሉ። ሆስፒታሎቹም የሚፈልጉትን ሐኪም እንዲሁ ደርድረው ይልካሉ። ኮምፒውተር ያጣምራቸዋል። የልብ፣ የጽኑ ሕሙማንና የጨቅላ ሕፃናት ሕክምና ሠልጣኝ አያጡም። በ2022 መጨረሻ በወጣው ውጤት ግን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሕፃናት ተላላፊ በሽታዎች ከሚያሠለጥኑት ፕሮግራሞች ያወጡትን ቦታ ሙሉ በሙሉ ያስያዙት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ።

ጊዜውን ላስተዋለ ነገሩ ግራ ያጋባል። ኮሮና ዓለምን ቤት ካስቀመጠ ገና ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ማለፉ ነው። የተላላፊ በሽታ ሐኪሙ አንቶኒ ፋውቺ በየምሽቱ ቴሌቪዥን ላይ ነበሩ። ለ2021 የትምህርት ዘመን የአሜሪካ ሕክምና ትምህርት ቤቶች አመልካች ቁጥር 18 በመቶ ገደማ ሲጨምር ጋዜጠኞች ጭማሪውን ከእሳቸው ስም ጋር አያይዘውት ነበር። ታዲያ ይህ ሁሉ ፍቅር የት ደረሰ? ስለ ጀርም ሌት ተቀን ሲወራ የከረመበት ሀገር የልጆችን ጀርም የሚያጠና ሐኪም ሲፈልግ እጁን የሚያወጣ ለምን አነሰ?

ቀላሉ መልስ ወጣቱ ትውልድ ድካም አይወድም የሚለው ነው። ይህ መልስ ግን ውኃ አይቋጥርም። እነዚሁ ወጣቶች ከተላላፊ በሽታ ይልቅ እንቅልፍ ለሚያሳጣው ለጨቅላ ሕፃናት ሕክምና ይሰለፋሉና። ችግሩ ያለው የአሜሪካ ሆስፒታል ሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው።

ሙያው ምን እንደሚሠራ ለማየት አላባማን ማስታወስ ይበቃል። በ2021 ጥቅምትና ኅዳር በርሚንግሃም ከተማ ባለው የአላባማ የሕፃናት ሆስፒታል 5 ትንንሽ ልጆች ጉበታቸው ክፉኛ ተጎድቶ ተኙ። የተለመዱት የሄፓታይተስ ቫይረሶች ተፈለጉ፤ አልተገኙም። በደማቸው የተገኘው አዴኖቫይረስ ነበር፤ በጉንፋንና በተቅማጥ እንጂ የጤነኛ ልጅ ጉበት በመጉዳት የማይታወቅ ቫይረስ። አንዱን ልጅ ብቻ ያየ ሐኪም "እንግዳ ነገር ነው" ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር። የሆስፒታሉ ሐኪሞች ግን ካርዶቹን ጎን ለጎን አስቀምጠው አዩ፤ የክፍለ ግዛቱን ጤና ቢሮና የፌዴራሉን የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሲዲሲንም ጨምረው ምርመራ ጀመሩ። እስከ የካቲት 2022 የልጆቹ ቁጥር 9 ደረሰ። ሁለቱ ጉበት ተተክቶላቸዋል፤ የሞተ ግን አልነበረም። በሚያዝያ ብሪታንያ ተመሳሳይ ሕመም ማየቷን ለዓለም ጤና ድርጅት ስታስታውቅ አላባማ ውስጥ የተሰነደው መረጃ ዝግጁ ሆኖ ጠበቃት። በ2023 የወጡ ጥናቶች ደግሞ ኤኤቪ2 የተባለ ሌላ ቫይረስ ከአዴኖቫይረስ ጋር ተዳብሎ ሳይገኝበት እንዳልቀረ አመለከቱ። ያን የመጀመሪያ ድርደራ የሠራው ማሽን ሳይሆን "ይህን ነገር ባለፈው ሳምንትም አይቼዋለሁ" ማለት የሚችል የሠለጠነ ጭንቅላት ነው።

እንዲህ ያለ ጭንቅላት በአንድ ጀንበር አይገኝም። አራት ዓመት ኮሌጅ፣ አራት ዓመት ሕክምና ትምህርት ቤት፣ ሦስት ዓመት የሕፃናት ሕክምና ሬዚደንሲ፣ ከዚያ ሦስት ዓመት ፌሎውሺፕ፤ በድምሩ 14 ዓመት ነው። ከፌሎውሺፑ የመጀመሪያው ዓመት በአብዛኛው ከሕሙማን አልጋ አይርቅም። ቀሪዎቹ ሁለቱ በዋናነት ለምርምር ናቸው። ማብቂያው ላይ የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና ቦርድ ፈተና አለ፤ ቦርዱ በዚህ ዘርፍ የምስክር ወረቀት መስጠት የጀመረው በ1994 ነው።

የተላላፊ በሽታ ፌሎው የራሱ ዋርድ የለውም ማለት ይቻላል። የሚኖረው በሌሎች ጥሪ ነው። ካንሰር ክፍል መቅኔ የተተከለለት ልጅ ያተኩሰዋል፤ "ኮንሰልት" ይላሉ። አጥንት ሐኪሞች መግል ያወጡበት ጉልበት አልድን ብሏቸዋል፤ ኮንሰልት። ጨቅላ ሕፃናት ክፍል በደም ውስጥ ፈንገስ ተገኝቷል፤ እንደገና ኮንሰልት። ከሁሉ የሚከብደው ግን ምንም ያልተገኘበት ትኩሳት ነው። ሦስት ሳምንት ያተኮሳት የሰባት ዓመት ልጅ ናት እንበል። ራጅዋ ንጹሕ ነው፤ የደም ካልቸሯም ምንም አላበቀለም። ፌሎው ወንበር ስቦ ከእናትዋ አጠገብ ይቀመጥና መጠየቅ ይጀምራል። ቤት ውስጥ ግልገል ድመት አለ? ኤሊስ? ያልተፈላ ወተት ጠጥታለች? ቤተሰብ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚያስለው ማን ነው? ክረምቱን የት ከረመች?

እዚህ ላይ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባሉት በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የሚኖሩ ሐበሾች ወሬው ይገባቸዋል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆች ወደ አያት ቤት ይላካሉ። ከባሕር ዳር ወይም ከአርባ ምንጭ ተመልሶ ከሳምንታት በኋላ የሚያተኩሰው ልጅ አሜሪካ ውስጥ "ጉንፋን ነው" ተብሎ ከድንገተኛ ክፍል ሊመለስ ይችላል። ወላጅም ስለ ጉዞው ላያነሳ ይችላል፤ ሀገር ቤት መሄድ እንደ ጉዞ አይቆጠርማ! የወባ መከላከያ ክኒን ሳይወስዱ የሚሄዱት አብዛኞቹ ዘመድ ጠያቂዎች መሆናቸው በጉዞ ሕክምና ዘርፍ የታወቀ ነገር ነው፤ "እኛ እዚያ አይደል እንዴ ያደግነው?" የሚለው ሐሳብ አሜሪካ ለተወለደ ልጅ አይሠራም። ኢትዮጵያ በ2018 መጀመሪያ የውጭ ሀገር ጉዲፈቻን በሕግ እስካቆመችበት ጊዜ ድረስ ከ15 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ልጆች ወደ አሜሪካ ሄደዋል። የእነሱን ድብቅ ቲቢ፣ የአንጀት ጥገኛና የክትባት ታሪክ ሲፈትሹ ከቆዩት ሐኪሞች መካከል የዚሁ ሙያ ሰዎች ይገኙበታል።

ያ ጥያቄና መልስ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ሆስፒታሉ ውስጥ እጅግ ርካሹ ሰዓት ምናልባት እሱ ነው።

የአሜሪካ ክፍያ የተዘረጋው በሚሠራ ነገር ላይ ነው፤ ቱቦ ማስገባት፣ መቁረጥ፣ ማየት፣ ማቃጠል፣ መስፋት። ለእያንዳንዱ ነጥብ አለው፣ ነጥቡም ገንዘብ ይሆናል። የተላላፊ በሽታ ሐኪም መሣሪያ የለውም። ጠይቆ፣ አንብቦ፣ አስቦ "ይህን አንቲባዮቲክ አቁሙት" ብሎ ይጽፋል። ያቆመው መድኃኒት፣ ያስቀረው ቀዶ ሕክምና፣ ያሳጠረው የአልጋ ቀን ለሆስፒታሉ ትልቅ ቁጠባ ነው፤ በሐኪሙ ስም የሚመዘገብ ገቢ ግን አይደለም። በዚህ ላይ የልጆች ጉዳይ ይደረባል። ከአሜሪካ ሕፃናት ወደ ግማሽ የሚጠጉት የሚታከሙት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሆነው የመንግሥት መድን ሜዲኬድና ተጓዳኙ የሕፃናት መድን በሚሸፍኑት ገንዘብ ነው። በ2019 በተደረገ ንጽጽር ሜዲኬድ ለሐኪም የሚከፍለው አረጋውያንን የሚሸፍነው ሜዲኬር ለተመሳሳይ ሥራ ከሚከፍለው 72 በመቶውን ነበር። ያው ሙያ፣ ያው ድካም፤ በሽተኛው ትንሽ ሰው ስለሆነ ብቻ ክፍያውም ያንሳል።

ውጤቱን ኢኮኖሚስት ሳይሆኑ የሕክምና ተመራማሪዎች ራሳቸው አስልተውታል። በ2011 "ፒዲያትሪክስ" በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ከልብ፣ ከጽኑ ሕሙማንና ከጨቅላ ሕፃናት ሕክምና ውጪ ያሉት አብዛኞቹ የሕፃናት ፌሎውሺፖች በገንዘብ ረገድ ኪሳራ መሆናቸውን አሳየ። ሦስት ዓመት ተጨማሪ የተማረው ሐኪም በዕድሜ ዘመኑ የሚያገኘው፣ ሬዚደንሲ ጨርሶ በቀጥታ ክሊኒክ ከገባው ጓደኛው ያነሰ ነው። ተላላፊ በሽታዎች ከከሳሪዎቹ ወገን ናቸው። ከአሥር ዓመት በኋላ የወጣ ተከታይ ጥናት ደግሞ የዕድሜ ዘመን ገቢው ባነሰበት ዘርፍ የሚሞላው የሥልጠና ቦታም እንደሚያንስ አረጋገጠ። የትምህርት ዕዳ ያለበት የአሜሪካ ሐኪም በአማካይ 200 ሺህ ዶላር ገደማ ዕዳ ተሸክሞ እንደሚመረቅ ካሰብን፣ የሚያስገርመው ግማሾቹ ፕሮግራሞች ቦታቸውን ሙሉ በሙሉ ሳያስይዙ መቅረታቸው ሳይሆን ግማሾቹ ማስያዛቸው ነው። የተያዙትን ቦታዎች የሚሞሉት ሙያውን ከልባቸው የሚወዱት ናቸው። በፍቅር ብቻ የሚቆም የጤና ሥርዓት ግን ለምን ያህል ጊዜ ይቆማል?

የሙያው ሌላ ጠላት የገዛ ድሉ ነው። በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሂብ በተባለው ባክቴሪያ በዓመት 20 ሺህ ገደማ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች በብርቱ ይታመሙ ነበር፤ በማጅራት ገትር፣ በጉሮሮ እብጠት፣ በደም ኢንፌክሽን። በየዓመቱ ወደ 1 ሺህ ልጆች ይሞቱ ነበር፤ ከዳኑትም ብዙዎች መስማት ተስኗቸዋል። በ1990 ለጨቅላዎች የሚሰጠው ክትባት ከተፈቀደ በኋላ በሽታው ከ99 በመቶ በላይ ቀነሰ። የዛሬ ሬዚደንት ያን በሽታ የሚያውቀው ከመጽሐፍ ነው። ዋርዱን ሞልተው ሐኪሙን አስፈላጊ ያደርጉት የነበሩት ሕመሞች በክትባት ጠፉ፤ የቀሩት ከባዶቹ ናቸው። ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው፣ በካንሰር መድኃኒት የደከሙ፣ መድኃኒት የተላመደ ጀርም የያዛቸው ልጆች። ሥራው ረቀቀ እንጂ አልቀነሰም፤ ከውጭ ለሚያይ ግን የቀነሰ መሰለ።

የጠፋውም ተመልሶ እየመጣ ነው። በ2025 መጀመሪያ ቴክሳስ ውስጥ ጌይንስ በምትባል አውራጃ የተነሣው ኩፍኝ እስከ ነሐሴ ድረስ በክፍለ ግዛቱ 762 ሰዎች ታመውበት ሁለት ያልተከተቡ ልጆች ሞቱ። በአሜሪካ በኩፍኝ ሰው ሲሞት ከ2015 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር፤ የዓመቱ የሕሙማን ቁጥርም ከ1992 ወዲህ ከታየው ሁሉ በለጠ። ሉቦክ ከተማ ባለ የሕፃናት ሆስፒታል ኩፍኝ ይዟቸው የገቡ አንዳንድ ልጆች የቪታሚን ኤ መብዛት ምልክት ታየባቸው፤ ወላጆች ከሐኪም ትእዛዝ ውጪ አብዝተው ሰጥተዋቸው ነበር። ሐኪሞቹ ቫይረሱን ብቻ ሳይሆን ስለ ቪታሚኑ የሚነዛውን ወሬም ማከም ነበረባቸው። በዚያው ዓመት ሰኔ የጤና ሚኒስትሩ ሮበርት ኬኔዲ ሲዲሲን በክትባት ጉዳይ የሚያማክረውን ኮሚቴ 17 አባላት በሙሉ አሰናበቱ። ነሐሴ ላይ ደግሞ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከመንግሥት የተለየ የራሱን የክትባት ምክር አወጣ። አካዳሚው ከ1938 ጀምሮ "ሬድ ቡክ" በሚል ስም የሚያሳትመው የተላላፊ በሽታ መመሪያ በየክሊኒኩ መደርደሪያ ላይ አይጠፋም፤ አዘጋጆቹም የዚህ ሙያ ሰዎች ናቸው። ሙያውን የሚመርጥ ወጣት እንግዲህ ዝቅተኛ ክፍያ ብቻ ሳይሆን የፖለቲካ ስድብም እንደሚጠብቀው ያውቃል።

ጉድለቱ ደግሞ እኩል አይከፋፈልም። በ2020 የወጣና ኋላ የሲዲሲ ዳይሬክተር የሆኑት ሮሼል ዋለንስኪ የተሳተፉበት ጥናት ከአሜሪካ አውራጃዎች 80 በመቶ ገደማው አንድም የተላላፊ በሽታ ሐኪም እንደሌላቸው አሳይቷል። ይህ የአዋቂዎቹ ሐኪም ተቆጥሮ ነው። የሕፃናቱ ሐኪም ትልልቅ የሕፃናት ሆስፒታሎች ባሉባቸው ከተሞች ታጉሮ ይገኛል።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? በ2023 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ፣ የምሕንድስናና የሕክምና አካዳሚዎች ስለ ሕፃናት ሐኪሞች የወደፊት ዕጣ ሰፊ ዘገባ አውጥተው ነበር። ብዙ ክርክር ያስነሣው ሐሳብ ሕክምና ላይ ብቻ ማተኮር ለሚፈልጉ የሁለት ዓመት መንገድ ይከፈት የሚለው ነው። ደጋፊዎቹ ምርምር የማይሻ ሐኪም ለምን ሁለት ዓመት ላቦራቶሪ ይገተራል ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ የዚህ ሙያ ነፍሱ ምርምር ነው፣ አላባማ ላይ የታየውን ዓይን የሚያወጣው እሱ ነው ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ነገር ግን ሥልጠናው ቢያጥር ሐኪሙ አንድ ዓመት ቀድሞ ወደዚያው ዝቅተኛ ክፍያ ይደርሳል፤ ከዚያ ያለፈ ለውጥ አያመጣም።

በዕዳ በኩል የተሞከረ ነገር አለ። እስከ 100 ሺህ ዶላር የትምህርት ዕዳ ከፍሎ በምትኩ ሦስት ዓመት እጥረት ባለበት ቦታ የሚያሠራ ፕሮግራም በ2010 በሕግ ተፈቀደ። ምክር ቤቱ የመጀመሪያውን ገንዘብ የመደበለት ግን በ2022 ነው፤ እሱም ለመላ ሀገሪቱ የሕፃናት ሰብ ስፔሻሊስቶች 5 ሚሊዮን ዶላር። አስልቶ ለሚያየው 50 ሐኪም ማለት ነው። ሆስፒታሎች የአንቲባዮቲክ አጠቃቀምን የሚቆጣጠር ቡድን እንዲኖራቸው ከ2017 ጀምሮ የዕውቅና ሰጪው ድርጅት፣ ከ2020 ጀምሮ ደግሞ መንግሥት ያስገድዳሉ። ይህ ለሙያው በር ከፍቷል። ግዴታው ቡድን ይኑር ይላል እንጂ ቡድኑን ለሚመራው ሰው ይህን ያህል ይከፈለው አይልም።

ባዶውን ቦታ በከፊል የሚሞሉት ከውጭ የመጡ ሐኪሞች ናቸው። ብዙዎቹ የሚገቡት በጄ-1 ቪዛ ነው፤ ሥልጠናቸውን ሲጨርሱ ሁለት ዓመት ሀገራቸው ተመልሰው መቆየት፣ አለዚያም ሐኪም በጎደለበት የአሜሪካ አካባቢ በመሥራት ግዴታውን ማስነሣት አለባቸው። በመስከረም 2025 ከውጭ ለሚመጡ አዳዲስ የኤች-1ቢ የሥራ ቪዛ ሠራተኞች የ100 ሺህ ዶላር ክፍያ ታወጀ። አትራፊ የልብ ሕክምና ክፍል ይህን ሊከፍል ይችል ይሆናል። የተላላፊ በሽታ ክፍል ግን ከየት አምጥቶ? አሜሪካ የራሷን ልጆች ወደዚህ ሙያ ማምጣት ሲያቅታት የሌላውንም በር ጠበብ አድርጋዋለች።

ለኢትዮጵያ ጉዳዩ የሩቅ ወሬ አይደለም። አምስት በሽታ የሚከላከለው የፔንታ ክትባት በ2007፣ የሳንባ ምች ክትባት በ2011፣ የሮታ ክትባት በ2013 ገብተዋል፤ አሜሪካ ውስጥ ዋርዱ ባዶ የሆነበት መንገድ እዚህም ተጀምሯል። ግን አስቸጋሪው ክፍል ቀድሞ ደርሷል። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተካተተበትና በሰባት ሀገሮች የተካሄደው ባርናርድስ የተባለ ጥናት በጨቅላዎች ደም ውስጥ ከሚገኙት ጀርሞች ክሌብሲየላ ጎልቶ እንደሚታይ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በመጀመሪያ ደረጃ የሚመክራቸውን አምፒሲሊንና ጄንታማይሲንንም በሰፊው እንደተላመደ አሳይቷል። ለእንዲህ ያለ ጨቅላ የትኛው መድኃኒት፣ በምን መጠን፣ ለስንት ቀን እንደሚሰጥ መወሰን የዚህ ሙያ ሥራ ነው።

ጥቁር አንበሳና ጳውሎስ በተለያዩ ዘርፎች የሰብ ስፔሻሊቲ ሥልጠና መስጠት ከጀመሩ ቆይተዋል። ወንበር መክፈት ይቻላል። በ2025 ግንቦት (በእኛ 2017 ዓ.ም.) የጤና ባለሙያዎች በደመወዝና በሥራ ሁኔታ ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸውን ያየ ሰው ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው። ከስፔሻሊቲ በላይ ዓመታት የሠዋ፣ የግል ክሊኒክ ከፍቶ ኢንዶስኮፒ ወይም አልትራሳውንድ የማይሠራ ሐኪም በምን ይኖራል? የአሜሪካው የክፍያ ጠባይ በግል ሆስፒታሎቻችንም አለ፤ የሚከፈለው ለማሽንና ለቢላ ነው።

በዚህ በኩል ከዋሽንግተን ይልቅ ኬፕ ታውን የተሻለ ትምህርት አላት። የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ሕፃናት ሐኪሞችን በሰብ ስፔሻሊቲ፣ ተላላፊ በሽታዎችንም ጨምሮ፣ የሚያሠለጥንበት የፌሎውሺፕ ፕሮግራም አለው። ሠልጣኙን የሚመርጠውና የሚልከው የሀገሩ ሆስፒታል ነው፤ ሲመለስ የሚይዘው የሥራ ቦታ አስቀድሞ ቃል ይገባለታል። ሥልጠናው የሚሰጠውም ሲመለስ ከሚያገኛቸው በሽታዎች ጋር በሚቀራረብ ዋርድ ነው፤ ቲቢ፣ ኤችአይቪ፣ የምግብ እጥረት። ሠልጥነው የጨረሱት ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ሀገራቸው ተመልሰዋል።

ጤና ሚኒስቴርና የሕክምና ትምህርት ቤቶች በዚህ ዘርፍ ተጨማሪ ወንበር ሲያወጡ ከማስታወቂያው ጋር ሦስት ነገሮችን አብረው ያውጡ፤ ሠልጣኙ ሲጨርስ የሚመደብበትን ሆስፒታል፣ የአንቲባዮቲክ ቁጥጥሩን ለመምራት የሚከፈለውን ደመወዝ፣ ጀርም የሚያበቅልለትን ላቦራቶሪ። ሦስቱ ካልተሟሉ ወንበሩን ለጊዜው አለመክፈት ይሻላል።